አምስተኛው ቅኝት

ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም ያበረከተው ወሎ ዛሬም ከዜማ አልቦዘነም። ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ረፋድ ላይ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጥር ሥር ያለፈ ሰው፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ውስጥ «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት አሥራ አራት» የሚል የኅብረት ዜማ ሲወጣ መስማቱ አይቀርም። ቅኝቱ ከታወቁት ከአራቱ ከየትኛው እንደሚመደብ ባለሙያ ይወስን፤ እኔ በበኩሌ አምስተኛ ሆኖ እንዲመዘገብ በታላቅ አክብሮት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የዚህ ዜማ ትልቁ በረከት ሰነፍ የሚባል ተማሪ አለማወቁ ነው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ የማባዛት ሠንጠረዡን በጠመኔ እየነካ ሲያስቀድም ሁሉም ይከተላል፣ ሁሉም ያውቃል። ጆሮውን ጣል ያደረገ ሰው በእርግጥ አንድ ነገር ያስተውላል፤ «ሰባት ጊዜ ስምንት» የሚለው ጥያቄ ጣሪያውን ሲያናጋ፣ መልሱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰልላል፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች «ሃምሳ ስድስት» ማለት ሲጀምሩ የቀረው ሕዝብ «…ስድስት» ብሎ ጭራዋን ይይዛል። ከኋላ ያለው ደግሞ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ይህን ጉድለት የሚሉት አሉ። እኔ መደጋገፍ እለዋለሁ፤ ደቦ ለአጨዳ ብቻ ይሁን ያለው ማን ነው? በመጨረሻም መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ ስልሳው «ገባን!» ይላል፣ ምዘናውም በዚሁ ይጠናቀቃል።

የዜማው ቅደም ተከተልም እንደዋዛ አይደፈርም። ማታ አባት በእንግዳ ፊት ልጁን ስለ ሰባት ጊዜ ስምንት ቢጠይቀው፣ ልጁ ከሰባት ጊዜ አንድ ተነሥቶ በዜማው ይጓዛል፤ መሐል ላይ ካቋረጡት እንደገና ከሥር ይጀምራል። ችኮላ የሸይጣን ነው። አባትየውም መልሱ ሲደርስ ልክነቱን ለማረጋገጥ ስልኩን አውጥቶ ይመታል፤ እርሱም የዚሁ ዜማ ምሩቅ ነውና። ልጁ ረጅም ማካፈልና ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ፣ አንዷን ብዜት ፍለጋ ዜማውን ወይም ጣቱን ሲቆጥር ዋናው ጥያቄ ምን እንደነበር ይጠፋዋል፤ ጥያቄ የረሳ ልጅ ደግሞ ጭንቀት የለበትም።

ሰላም የሚነሡ ሰዎች ግን አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች እንደሚሉት፣ እስከ አሥር ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ካሉት 100 ብዜቶች ሰባት ጊዜ ስምንትና ስምንት ጊዜ ሰባት አንድ መሆናቸውን ልጁ ካስተዋለ የሚቀሩት 55 ናቸው፤ ከእነዚህ ደግሞ በፍጥነት የሚያዙትን የአንድን፣ የሁለትን፣ የአምስትንና የአሥርን ብናወጣ 21 ብቻ ይተርፋሉ። ሃያ አንዱን በየቀኑ በጣት የሚቆጠሩ ደቂቃዎች ብቻ ሰጥቶ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቁ፣ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን በየደብተሩ ጽፎ ከፍ እንዲያደርግ ቢጠየቅ፣ ማን ምን እንደጎደለው በአንድ እይታ ይታወቃል ይላሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ጉዳቱ ግን አልታሰበበትም። ሃያ አንዱ በአንድ የትምህርት ዘመን ካለቁ፣ ዓመት ከዓመት ምን ልንዘምር ነው?

ጥፋቱን በአባቶቻችን የሚያላክኩም አሉ፣ «በቃል መሸምደድን ያወረሱን እነሱ ናቸው» እያሉ። ይህ ስም ማጥፋት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን ብቻውን አስቀርበው በቃሉ ያስብሉታል፤ ቃሉ ካልጠና ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቁርዓን ቤትም ሸኹ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ለብቻው ያዳምጣሉ እንጂ የጉባኤውን ጩኸት ሰምተው አያሰናብቱም። እነዚያ ሽማግሌዎች ምስኪኖች ነበሩ፤ ሱፐርቫይዘር የለባቸው፣ የወላጆች ቀን የለባቸው፣ ልጁ ማወቁን ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ያጡ ሰዎች ልማድ ነው። እኛ ተሻሽለናል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ እንቁላል ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ጉዳይ ነው። አንዱ በ15 ብር ሒሳብ ሰባት እንቁላል ወስዶ 200 ብር ሲሰጣት፣ «ሁለቱ ሠላሳ፣ አራቱ ስልሳ፣ ስድስቱ ዘጠና፣ አንዱ ሲጨመር መቶ አምስት» ብላ፣ ያለ ደብተርና ያለ ስልክ 95 ብር ትመልሳለች። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ 15 ሲባዛ በ7 ሰሌዳ ላይ ቢጻፍላት አፍጥጣ ትቀራለች። የሷ ብቻ አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ የሚነግዱ አምስት ልጆች በገበያው ውስጥ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል ሲመልሱ፣ ያንኑ ዓይነት ስሌት ያለ ሸቀጡ፣ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ወደ 37 ወርደዋል። መምህሩ ገበያዋን ወደ ክፍል ቢያስገባላት፣ «እንዴት አደረግሽው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ መደመሯ ወደ ማባዛት የሚያሻግራት መንገድ ነበር። ደግነቱ አይጠይቃትም፤ ዜማው ይቋረጣላ።

ክፉው ነገር ፈተና የሚባለው ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ወላጅ ተማሪን፣ ተማሪ መምህርን፣ መምህር ሥርዓተ ትምህርቱን ሲወቅስ ከረመ። ዋናው ስሕተት ግን ግልጽ ነበር፤ ፈታኞቹ ልጆቹን አራርቀው አስቀምጠው ለየብቻ ጠየቋቸው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በጋራ የመለሰን ሕዝብ ለብቻው መጠየቅ ከባህልም ውጪ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ፈተና በአንድ ሰፊ አዳራሽ፣ በአንድ ድምፅ፣ «ገባችሁ?» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲሰጥ አመለክታለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት ልጆች ግን እንዳይቀሩ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ።