ክርክር፦ ቤት ውስጥ ፋይል ለማስተላለፍ ኬብል ወይስ ዋይፋይ?

ባለ ኬብሏ፦ እኔና ባለቤቴ የሰርግ ቪዲዮ እናቀናብራለን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ቀለም ያስተካክላል። አንድ ሰርግ 50 ጊጋባይት ይሆናል። ከኔ ላፕቶፕ ወደሱ በዋይፋይ ስልከው ስንት ሌሊት ተቋርጦ አደረ! የኔትወርክ ኬብል ከገዛን ወዲህ ግን አቦሉ ሳይቀዳ ያልቃል። ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት፤ በተግባር 110 አካባቢ ይገኛል። 50 ጊጋባይት 8 ደቂቃ አይሞላበትም። ዋይፋይ ላይ አየሩ የጋራ ነው። ሁለቱም ላፕቶፖች በዋይፋይ ከተገናኙ ፋይሉ መጀመሪያ ዋይፋዩን ወደሚያሰራጨው ሳጥን፣ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያ ከራውተሩ ወደ ሌላው ይሄዳል። ያው ፋይል አየር ላይ ሁለቴ ስለሚጓዝ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ባለ ዋይፋዩ፦ እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። ግን ኬብል የገዛ ሁሉ ጊጋቢት አያገኝም። እኔ ኬብል ሰክቼ ያገኘሁት በሰከንድ 11 ሜጋባይት ነው። ለካ የራውተሬ ፖርት (የኬብሉ መሰኪያ) 100 ሜጋቢት ብቻ ኖሯል። በዚህ ፍጥነት ያንቺ ሰርግ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በፈጣኑ የዋይፋይ ሞገድ፣ በ5 ጊጋኸርዝ፣ ራውተሩ ያለበት ክፍል ተቀምጬ ግን 25 አገኛለሁ። ደግሞ ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ግድግዳ አያስበሱኝም።

ባለ ኬብሏ፦ ግድግዳ ብሳ ማን አለህ? ሁለቱን ላፕቶፖች በአንድ ኬብል ፊት ለፊት አገናኛቸው። ራውተር አያስፈልግም፤ ስትጨርስ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ይበቃል። ኬብሉን ግን በደንብ እየው። 100 ሜጋቢት ውስጡ ካሉት 8 ሽቦዎች በ4ቱ ይሠራል፣ ጊጋቢት 8ቱንም ይፈልጋል። አንዷ ጫፏ ላይ በደንብ ካልተያዘች ፍጥነቱ ሳይነግርህ ወደ 100 ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

ባለ ዋይፋዩ፦ ፊት ለፊት ማገናኘቱን ተቀብያለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፋይል ሲንቀራፈፍበት የኢንተርኔት ፓኬጁን የሚያሳድግ ሰው አለ። ብሩን አቃጠለ! እዚያው ቤት ካለ ኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፋይል ኢንተርኔቱን አይነካም፤ መስመሩ ቢቋረጥም ይሄዳል። ዲስክም አለ። የምትገለብጪበት ሃርድ ዲስክ በአሮጌው ዩኤስቢ፣ በ2.0 ከተሰካ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ታዲያ ጊጋቢቱ ምን ይፈይዳል? ትንንሽ ፋይል በሺህ ከሆነም ኬብሉ ብቻውን አያድንሽም፤ መጀመሪያ ዚፕ አድርጊና አንድ ፋይል ሆኖ ይሂድ። እንግዲህ ሰው ኬብል ከመግዛቱ በፊት የቱ ጋ እንደታነቀ ይፈትሽ ነው የምለው።

ባለ ኬብሏ፦ በዲስኩ ረተኸኛል። እኛም ወደ ፈጣኑ ዲስክ፣ ወደ ኤስኤስዲ እስክንቀይር ድረስ 110 አላየንም። ግን አንድ ነገር ረሳህ፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው የርክክቡ ዋዜማ ጨለማ ውስጥ ነበርን። ሁለቱን ላፕቶፖች በባትሪ፣ በዚያች አንድ ኬብል አያይዘን ሥራውን ጨረስን። ሙሽሮቹ ጠዋት መጥተው ቪዲዮአቸውን ወሰዱ።