ለክቡር «ሲስተም የለም»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተበላብኝ ዳታ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ወረፋ ላይ ደህና ነኝ።

ብዕር ያስነሳኝ የትናንቱ ውርደቴ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ተሰልፌ፣ «ለቀጣዩ ትውልድ ኔትወርክ ዝግጁ ነን!» የሚለውን ግድግዳ የሚያክል ባነር በቃሌ እስክሸመድደው ቆሜ፣ አምስት ሰው ሲቀረኝ ከመስኮቱ ውስጥ ስምዎ ተጠራ። ሰልፉ በሙሉ «ኤጭ!» አለ። ባለሙያዋ አንገቷን አወጣችና ከሁሉ እኔን መረጠች። «ወንድሜ፣ ያንተ ስልክ ኔትወርክ አለው አይደል? እስኪ ሆትስፖት ክፈትልን።»

አለው እንጂ! ኪሴ ውስጥ 5ጂ ሞልቶ ይፈሳል። ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉን ቀስ ብዬ ልነግራት ብሞክር መስታወቱ አላሰማ አላት። ስለዚህ ጮክ ብዬ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «ቆንጆው ሰባት ሰባት» አልኩ። ከሰልፉ መሀል አንዱ «የቱ ጋ?» አለ። መስኮት 3 ለመስኮት 4 አቀበለች፤ መስኮት 4 ለጥበቃው። ጥበቃው ቪዲዮ ሲኮመኩም በዓይኔ አይቻለሁ። ከፊቴ የነበሩት አምስቱም በእኔ ዳታ ተስተናግደው፣ ማህተም አስመትተው፣ አንዳቸው እንኳ «እግዜር ይስጥልን» ሳይሉኝ ወጡ። ተራዬ ደረሰ። ፎርሜን ዘረጋሁ። ስልኬ ጢን አለ፤ ጥቅሌ አልቋል። ባለሙያዋ ስክሪኑን አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረችና «ሲስተም የለም» አለችኝ።

እኔ ነበርኩ እኮ ሲስተሙ!

ከድረ ገጽ አውርደን፣ አትመን፣ በእጅ ሞልተን መልሰን ስካን ስለምናደርገው ፎርም ምንም አልልም።

የሚኖሩበትን ግን ደርሼበታለሁ። ከባነሩ ጀርባ፣ ከመወልወያው ጎን፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በገመድ የምታገናኝ፣ አቧራ የለበሰች ስዊች የምትባል ሳጥን አለች፤ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ታሳልፋለች። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5ጂ የከፍተኛ ፍጥነት መስፈርት ያደረገው 20 ጊጋቢት ነው። 200 እጥፍ! ጣሪያው ላይ የፈለጉትን አንቴና ቢተክሉ፣ ውሃው የሚወርደው በዚያችው ቀጭን ቧንቧ ነው። ፈጣኑ የ5ጂ ሞገድ፣ ሚሊሜትር የሚሉት፣ ደግሞ ከግንብ ጋር አይስማማም፤ መሥሪያ ቤቱ ምሽግ ነው። ገመድ መቀየር፣ ለአዳዲሶቹ የዋይፋይ ማሰራጫዎች የሚበቃ ኃይል በገመድ የሚሰጥ ስዊች መግዛት፣ ሲግናሉ የትኛው ክፍል እንደሚሞት እየዞሩ መለካት፣ ሰርቨሩን ማደስ፣ ሲበላሽ የሚጠራ ሰው መቅጠር… ለእነዚህ ሪባን አይቆረጥማ! ያው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የ6ጂን ማዕቀፍ ስላጸደቀ ግን፣ አዲስ ባነር መታዘዙ አይቀርም።

አሁን ቀልዱን ትተን እንነጋገር። ከኋላዬ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው፣ «ልጄ፣ ያ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። ሰው መስለዋቸው ነው የሚጠብቁዎት። ሰው ቢሆኑማ ኖሮ ደመወዝዎ ይቆረጥ ነበር! ሰው ስላልሆኑ በእርስዎ የሚጠየቅ የለም። የእኚህ ሴት ሦስት ቀን የማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ያበጠ እግራቸው አይገባም። ስምዎ አንዴ ከተጠራ ሁሉም ነፃ ነው፤ ኃላፊው ነፃ፣ ባለሙያዋ ነፃ፣ ባነሩን ያሳተመው ነፃ። ቤታቸው የሚመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሉ፣ ተራ ላላስጠብቅ። ይህን በወረቀት የላክሁት ዳታ ስለሌለኝ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ቆንጆው ሰባት ሰባት

ግልባጭ፦
ለመስኮት 3
ለመስኮት 4
ለጥበቃው (ቪዲዮውን ሲጨርስ)