ለሞተ የሚሮጠው እድር ለታሰረ የት ገባ?

አሜሪካ ያለ ሐበሻን በለቅሶ የሚስተካከለው የለም። አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበት ገንዘብ በአንድ ሌሊት ይሞላል፣ አዳራሽ ይገኛል፣ እንጀራውና ወጡ ከየቤቱ ይጎርፋል፣ ለቅሶ ደራሹ መኪና ማቆሚያ ያጣል። ያው ሰው በቁሙ፣ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ አይስ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ ቢወስደው ግን ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። "ወረቀት አልነበረውም እንዴ?" የሚለው ሹክሹክታ ከጠበቃው ቀድሞ ይደርሳል።

አገር ቤት እንዲህ አይደለንም። ሰው ታሰረ ሲባል ምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያ በር ላይ የምትሰለፍ እህት አለች፤ ፖሊሱ "ቅመሺ" ሲላት ቀድማ ትጎርሳለች። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ፣ ባስ ካለም የመኪናውን ሊብሬ አስይዞ ዋስ የሚሆን ጎረቤት አለ። እዚህ ስንቅ አይገባም፤ ለስልክና ለኮሚሳሪ፣ ለእስር ቤቱ ሱቅ ማለት ነው፣ ገንዘብ ማስገባት ብቻ ነው። ብዙው ሰው "ምን ማድረግ ይቻላል?" ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሚቻለው ግን ብዙ ነው፤ ዋናው ዋናው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ካልተደረገ አለፈ።

መጀመሪያ ሰውየው የት እንዳለ ማወቅ ነው። የአይስን የእስረኛ መፈለጊያ ገጽ ማንም ከስልኩ ይከፍተዋል። የሚጠይቀው ኤ ነምበሩን፣ ማለትም ሥራ ፈቃዱና የፍርድ ቤት ወረቀቱ ላይ ያለውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር፣ እና የትውልድ አገሩን ነው። ቁጥሩ ከሌለ በስም ይፈለጋል፤ ግን ስሙ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የኛ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። ኃይለ ሚካኤል አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፏል፤ "ኃይለ" ብቻውን ስም ሆኖ "ሚካኤል" ወደ መካከለኛ ስም የተገፋበት ሰው ብዙ ነው። ጓደኞቹ ደግሞ የሚያውቁት በቤት ስሙ ነው። "ባቢ ታሰረ" ተብሎ ባቢን መዝገብ ውስጥ ማን ያገኘዋል? አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ሰው በኢትዮጵያም በኤርትራም ሊመዘገብ ስለሚችል ሁለቱንም መሞከር ነው። ኬዙ ያላለቀ ሰው ሁሉ ኤ ነምበሩን ለሚያምነው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢሰጥ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ኤ ነምበር ከደሞዝ የባሰ ምስጢር ነው።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜሪላንድ የተያዘ ሰው በቀናት ውስጥ ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ሊገኝ ይችላል። እስሩን በመቃወም ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርበው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ እዚህ ሄቢየስ የሚሉት፣ የሚገባው ሰውየው በዚያ ሰዓት በሚገኝበት ዲስትሪክት ነው። ሳይዛወር ከገባ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ከተዛወረ በኋላ ከሆነ ሌላ ስቴት ጠበቃ ፍለጋ ነው። የማስገቢያ ክፍያው 5 ዶላር ነው፤ የሚከብደው የጠበቃው ነው። መንግሥት ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ጠበቃ አያቆምም። እድሩ ለሬሳ ሳጥን የሚከፍለውን ለዚህ ቢከፍል ምን ነበረበት?

አሁን ሄቢየስ የበዛው በቦንድ፣ ማለትም በገንዘብ ዋስትና፣ ምክንያት ነው። ኤርፖርት ወይም ድንበር በር ላይ እጁን የሰጠ ሰው ድሮም ከዳኛ ቦንድ መጠየቅ አይችልም ነበር። በብራዚልና በዳሪየን፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ባለው ጫካ፣ ዞሮ ድንበር አቋርጦ የገባው ግን ይችል ነበር። ሴፕቴምበር 2025 ላይ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ለእንደዚህ ዓይነቱም ዳኛ ቦንድ መስጠት አይችልም ብሎ ወሰነ። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ግን ይህን አልተቀበሉትም፤ ለዚህ ነው ሰው በሄቢየስ ወደ እነሱ የሚሄደው።

ቦንድ የተፈቀደለት ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በሕግ ዝቅተኛው 1,500 ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሙሉው በአንዴ ይከፈላል፤ ካርድ አይቀበሉም፣ ገንዘቡ ከባንክ ይተላለፋል። ከፋዩ ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሰው መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ሲቲዝኑ ሁሉ ድንገት ሥራ የሚበዛበት። ገንዘቡ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ታሳሪው ቀጠሮውንና ትእዛዙን ካከበረ፣ ቢሸነፍና ከአገር ቢወጣ እንኳ፣ ከነወለዱ ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ለፈረመው ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ከዓመታት በኋላ፣ እሱ ባስመዘገበው አድራሻ። ሃያ ሰው አዋጥቶ አንድ ሰው ሲፈርም ማን ስንት እንዳዋጣ ካልተጻፈ ጠቡ ያኔ ይመጣል። ለእቁብ ዝርዝር የምንይዘውን ደብተር ለዚህ መያዝ ምን ያቅታል?

በ2025 መጸው ቺካጎ፣ ሊትል ቪሌጅ በሚባለው የሜክሲኮዎች ሰፈር፣ ሰዉ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። የአይስ መኪና ሲያይ ይነፋል፣ ጎረቤት ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን ታሳሪው ዳኛ ፊት ሲቀርብ አብሮ የሚቀመጥ ሁለት ሰው አይገኝም፤ ችሎቱ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሳለ።

የድጋፍ ደብዳቤማ እንጽፋለን፣ እሱ አይካድም። አንዱ ደብዳቤ አሥር ጊዜ ኮፒ ተደርጎ ስሙ ብቻ ይቀየራል፤ "ታታሪና ሃይማኖተኛ ነው" ይላል፤ የደብሩ ማህተም ከጽሑፉ ይበልጣል። ዳኛው ማህተም አያነብም። የሚፈልገው ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ የራሱ የመኖሪያ ወረቀት ምን እንደሆነ (ኮፒው ተያይዞ)፣ ሰውየውን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ሲፈታ በየትኛው አድራሻ እንደሚያሳድረው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችል ፈርሞ ያረጋግጥ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው የልደት ዘመን በኛ አቆጣጠር መሆኑን ተርጓሚው ካላመለከተ ታሳሪው በአንድ ወረቀት በሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ ዐቃቤ ሕጉም ይህንኑ ይዞ ውሸታም ነው ይለዋል።

ገና ያልታሰረውን የሚያስይዘው ደግሞ አድራሻ ነው። ቤት ሲቀየር ለአሳይለም (ጥገኝነት) መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ቅጾች ናቸው፣ የፍርድ ቤቱም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነው የሚገባው። ቀጠሮው ወደ ድሮው ቤት ይሄዳል፣ ሰውየው ይቀራል፣ በሌለበት የዴፖርት ትእዛዝ ይወጣበታል። ፖስታውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የከተተው የቀድሞ ደባል ለቅሶው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ደራሽ ነበር።

የራሱ ኬዝ ያልተቋጨ ሰው እስር ቤት ልጠይቅ ብሎ ባይሄድ ይመረጣል፤ በር ላይ መታወቂያ ያሳያል፣ ለራሱም ይተርፈዋል። እሱ ቢፈራ አይፈረድበትም። የእድሩ ሊቀመንበር ግን ሲቲዝን ነው፣ ገንዘብ ያዡ ሲቲዝን ነው፣ ጸሐፊዋም ዘንድሮ የዜግነት መሐላ ፈጽማ ኬክ ቆርሳለች። ደንቡ ላይ "ሞት" ከሚለው ቀጥሎ "እስር" የሚል አንቀጽ ይግባ ሲባል "ፖለቲካ ውስጥ አንገባም" የሚሉትም እነሱው ናቸው።