ተናገሪ፣ ከኋላሽ አለን

እኛ ሰፈር ስብሰባ ሁለት ጊዜ ነው የሚካሄደው። አንደኛው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እሱ ለይምሰል ነው። ሁለተኛው አዳራሹ ተዘግቶ፣ ሰው ጃንጥላውን እየዘረጋ በር ላይ ሲቆም ነው። የሆድ የሚወራው እዚያ ነው። ችግሩ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በመጀመሪያው ላይ መሆኑ ነው።

ሰልችቶኛል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ያልተመቸው ይለፈው።

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። የእድሩን ስም አልጠራም። ጅማ ውስጥ ከመንደራ እስከ ቆጪ ብትሄዱ እንደኛው ያለ እድር አታጡም። አጀንዳው ወርሃዊ መዋጮ ይጨመር፣ በተጨመረው አዲስ ድንኳን ይገዛ የሚል ነበር። ድንኳን አለን። ደህና ድንኳን ነው። አምና ክረምት አንድ ጥጉ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ አለቀ። ከስብሰባው በፊት ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። «በዚህ ኑሮ ላይ መዋጮ? ምን በወጣን!» አንዲት እናትማ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ ቁጭ አድርገው «እኔ ሳልሞት አትጨምሯትም» ብለው ማሉ። ስለ እድር እየተወራ እንዲህ ሲባል ትንሽ ያስቃል፤ ግን የምራቸውን ነበር።

እሑድ መጣ። ዝናቡም መጣ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ሲደበደብ ከሊቀመንበሩ ንግግር ግማሹ እንኳ አይደርስም። «የምትደግፉ እጅ አውጡ» የምትለዋ ግን ጥርት ብላ ተሰማች።

የእጅ አወጣጡን ማየት ነበረባችሁ። ማንም ቀድሞ አያወጣም። ቀድሞ የሚሄደው ዓይን ነው። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ያያል። ከዚያ አንድ እጅ ብቅ አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! አንዳንዱ እጁን ከጆሮው አያሳልፍም። ነገ ቢጠየቅ «እያከክሁ ነው» ለማለት እንዲመቸው ይመስለኛል። ጸሐፊው በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ይቆጥራል። ቀጥ ያለውንም የሚያክከውንም እኩል ይጽፈዋል።

ይሄኔ ከኋላዬ የተቀመጠው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ተናገሪ እንጂ! ከኋላሽ አለን» አለኝ። አጠገቡ ያለችውም «አንቺ አፍ አለሽ» ብላ ጨመረችበት። ተነሳሁ። ድንኳኑ ይቆየን፣ ጭማሪው ለጡረተኛውም ለቀን ሠራተኛውም ይከብዳል፣ ቢያንስ ከበዓል በኋላ እንየው አልኩ። ሊቀመንበሩ በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ «የእህታችንን ሐሳብ የሚጋራ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ዞር አልኩ።

«ከኋላሽ አለን» ያለኝ ሰውዬ አጎንብሶ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ያደረገው ጫማ ክር የለውም። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። ሲኒ አስቀምጠው የማሉት እናት ደግሞ ለድጋፉ ያወጡትን እጅ ገና አላወረዱም ነበር።

«በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።» ጭብጨባ።

ከዚያ በር ላይ ወጣን። «አንጀቴን አራስሽው!» «እንዲህ ነው እንጂ ሴት!» «እኔም እኮ ልናገር ስል ነው የቀደምሽኝ!» አንዷ ጃንጥላዋ ስር አስገብታ አቀፈችኝ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ቢቃወሙኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተቃዋሚ ሐሳቡን ይናገራል፣ ትከራከሩታላችሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ከሚሉ ሰዎች ጋር ግን በምን ልከራከር?

ነገሩ የጅማ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኛን አዳራሽ የሚመስል ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) አንድ ካርድ ላይ አንድ መስመር አለ። ሌላው ላይ ሦስት መስመሮች አሉ። ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ሰው ብቻውን ሲጠየቅ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳትም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሁሉም አስቀድመው የተነገራቸው ናቸው። ተራ በተራ፣ ጮክ ብለው፣ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምስኪኑ ወደ መጨረሻው ላይ ይጠየቃል። ሌሎቹ በሚሳሳቱባቸው ዙሮች ላይ ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከብዙኃኑ ጋር አብረው ተሳሳቱ። ከአራቱ ሦስቱ ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ አንዴ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሰውን ተናገሩ። እንግዲህ ይሄ በመስመር ነው። መዋጮ የለበት፣ ጉርብትና የለበት፣ ነገ ለቅሶ ላይ መገናኘት የለበት።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ግኝቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ተሳሳች መሃል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር፣ ተማሪው የሚሳሳተው ቀድሞ ይሳሳት ከነበረው ወደ ሩብ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ጉባኤው ሁሉ ተነስቶ እንዲጮህልኝ አልጠየቅኩም። የጫማውን ክር የሚያስረው ሰውዬ ቀና ብሎ «እኔም እንደሷ ነው የማስበው» ቢል ይበቃኝ ነበር። ከዚያ እናቲቱ ይጨምራሉ፣ ከዚያ ያቺ ጣሪያ የምታየው። አሽ ይሄንንም አይቶታል። አጋር የነበረው ሰው መሃል ላይ ከድቶ ወደ ብዙኃኑ ሲገባ፣ የተማሪው ስህተት ወዲያው ተመልሶ አሻቀበ። የሚከዳ ደጋፊ ይዞ መቆም ይሄ ነው።

ሰኞ ወገቤን ይዤ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ። «ለምን ደገፋችሁ?» ስል መልሱ አንድ ነው። «እኔ እንኳ አልፈልግም ነበር፣ ሰው ሁሉ ሲፈልግ ጊዜ ነው እንጂ።» ቀጣዩ ቤትም «ሰው ሲፈልግ ጊዜ»። ከቀጣዩም ያው። ያ የፈለገው ሰው የት ነው ያለው? እኔ ላገኘው አልቻልኩም። ሁሉም ሌላው የደገፈው ከልቡ ነው ብሎ፣ ራሱ የደገፈው ግን ለይሉኝታ ነው ብሎ ያምናል። ሁለት ተመራማሪዎች በ1993 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ይሄንኑ አሳትመዋል። በግቢው የመጠጥ ልማድ ብዙዎቹ በልባቸው አይመቻቸውም፤ ግን ሌላው ተማሪ ሁሉ የተመቸው ይመስላቸው ነበር። እንደዚያ ነው የኛም ድንኳን። ማንም ሳይፈልገው ሁላችንም ልንከፍልለት ነው።

ታክሲ ውስጥም ያው ነው። ከአጂፕ ወደ መርካቶ ስንሄድ ዝናብ ከጣለ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል። ሁሉም በመስኮት ያያል። መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ ምንም አያሳይም፣ ግን ያያል። አንዷ «ታሪፉ ይሄ ነው እንዴ?» ካለች አለቀ፤ ታክሲው ሙሉ ጠበቃ ይሆናል። ስንቴ አይቼዋለሁ። ሰው ድምፅ የለውም ሳይሆን አስጀማሪ ይጠብቃል።

አስጀማሪ የሌለበት ጉድ ደግሞ ይባስ። ከቤታችን ከፍ ብሎ ባለው መታጠፊያ የውኃ መስመር ፈንድቶ ሰነበተ። ቤት ውስጥ ቧንቧው ነፋስ ይተፋል፣ መንገዱ ላይ ውኃው ይፈሳል። ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይዘላል። ባጃጁ ረጭቶን ያልፋል። «አልተነገራቸውም?» ስል ሁሉም «ኧረ ደውለዋል» ይለኛል። ማን? «ሰዎቹ።» ደወልኩ። ስለዚያ ቦታ እስካሁን የደወለ የለም አሉኝ!

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይባላል። እኛ ሎሚውን ሜዳ ላይ ትተነው ሃምሳችንም ባዶ እጃችንን እናጌጣለን። ላታኔና ዳርሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ይሄንኑ ነው የሚለው። ተማሪዎች ቅጽ እየሞሉ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ወደ ክፍሉ ይገባል። ብቻውን የነበረ ሰው ከመቶ 75ቱ ወጥቶ ተናገረ። ምንም እንዳልተፈጠረ ከሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ጋር የነበረ ግን ከመቶ 10ሩ ብቻ። ሌላው ዓይኑን እያሸ፣ ጭሱን በእጁ እየገፋ ቅጹን ሞላ። ሁለቱ ካልደነገጡ ምንም አይደለም ማለት ነው ብሎ።

አሁን አንዱ መጥቶ «የዘንድሮ ሰው ፈሪ ነው፣ ልበ ደረቅ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አይደለም። እነዚሁ ጎረቤቶቼ ለቅሶ ሲሆን ኑ እንዴት እንደሚሆኑ ላሳያችሁ። ሌሊት ጩኸት ከተሰማ ሳይነጋ ድንኳኑ (ያው የተሰፋው!) ተተክሏል። ማንም «ሌላ ሰው ይተክላል» አይልም። የጫማ ክር አሳሪው ጎረቤቴ ምሰሶ ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተት ያደረ ሰው ነው። ደግ ነው። ለቅሶ ላይ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፣ ተራው ተጽፏል፣ የቀረ ይቀጣል። ስብሰባ ላይ ግን የተናገረ ነው የሚቀጣው፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሰውየው አንድ ነው። የተቀመጠበት ቦታ ነው የሚለየው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ ላይ ስሙት። የሚቀመጡት ከግድግዳችን ጀርባ ስለሆነ ሳልፈልግም እሰማለሁ። እሑድ ዝም ያለው ጉባኤ ማክሰኞ ምርቃናው ሲመጣ ድንኳኑን ያፈርሳል፣ ኮሚቴውን ይበትናል፣ ከተማዋን ያስተዳድራል። «እኔ ብሆን ኖሮ ፊት ለፊት ነበር የምነግራቸው!» ሁሉም «እውነት ነው!» ይላል። እዚያም ቢሆን እኮ አብሮ መሄድ ነው። «ኧረ ድንኳኑ ያስፈልጋል» የሚል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አይላትም።

ሊቀመንበሩንም ቢሆን አምባገነን ነው ማለት ቀላል ነው። አምና እኮ ከኛ ጋር በር ላይ ቆሞ የሚያጉረመርመው እሱ ነበር! ወንበሯን ሲይዝ ድንኳን ታየው። ሊ ሮስ የተባለ ተመራማሪ በ1977 እንደጻፈው፣ የሌላውን ሰው አድራጎት ስናይ ቶሎ ብለን በጠባዩ እናሳብባለን፣ ያለበትን ሁኔታ እንዘልለዋለን። በ1973 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። የሥነ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ሊያደርጉ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ የታመመ የሚመስል ሰው ወድቆ ያገኛሉ። ያልቸኮሉት ከመቶ 63ቱ ረዱት። «ረፍዶብሃል፣ ፍጠን» የተባሉት ከመቶ 10ሩ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! አንዳንዶቹ ለዚያ ንግግር ሲጣደፉ ሰውየውን ተራምደውት ሄዱ።

ይሄን ሁሉ ማወቄ ንዴቴን ያበረደው ይመስላችኋል? ጭራሽ ባሰብኝ። ሁኔታው ከሆነ ጥፋተኛው፣ ሁኔታውን መቀየር ይቻላላ! አሽ ተማሪው መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ሲያደርግ፣ ከሰው ጋር መሳሳቱ በጣም ቀነሰ። እኛም ከደብተር ላይ ቀድደን ቁራጭ ወረቀት ብናድል ስንት ብር ይፈጃል? ረቡዕ ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ አግኝቼ ይሄንኑ አልኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እኛ ቤተሰብ ነን፣ በመካከላችን ምን ምስጢር አለና ነው በወረቀት?» አለኝ። አጠገቡ የቆመው ጸሐፊም «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማታ ግን ያው ጸሐፊ ደወለልኝ። ወረቀቱ ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። እስኪ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሺው አለኝ፣ እኔም አለሁ።

አለሁ ይለኛል ደግሞ!

እና ይሄን ያነበባችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ እንደምታነቡት አውቃለሁ። ኢንቦክስ እየመጣችሁ «አንጀቴን አራስሽው» እንዳትሉኝ። የምትሉት ካለ እዚሁ ከሥር፣ በስማችሁ ጻፉት። ድንኳኑን የምትደግፉም ካላችሁ ጻፉ፤ በፈጣሪ፣ አንድ እንኳ ከልቡ የሚደግፍ ሰው ልወቅ።