ገበሬውን አትጥቀሱብን

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል ድርጅት ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። በዝናብም ሆነ በበረዶ ምክንያት ከ11:30 በፊት የወጣ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል ይላል። ሠራተኞቹ ቅር ሲላቸው ኃላፊው የሰጡት መልስ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። «ጎጃሜ ለዝናብ እንግዳ ነው እንዴ? ወላጆቻችን በዝናብ እያረሱ ነው ያሳደጉን» አሉ።

መብረቅ እየጮኸ የሚያርስ ገበሬ የት ነው ያዩት? የጮቄ ተራራ አናት ጠቁሮ ነጎድጓዱ ሲቀርብ ገበሬ በሬውን ይፈታል። ሞፈሩን እዚያው ጥሎ ቤቱ ይገባል። እረኛውም ገሳውን ደርቦ፣ ወንዙ ሳይሞላ ከብቱን ያሻግራል። ሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለልም። እሱ ያለበት ጠብታ ባይወርድም፣ ላይ ጮቄ የጣለው ዝናብ ታች የጨሞጋን ወንዝ እንደሚሞላው ያውቃል። ማስታወቂያ የለጠፈለት የለም። ሰማዩን አይቶ ራሱ ይወስናል። ገበሬው ክረምቱን የሚያልፈው በጊዜ በመነሳት ነው። ድርጅቱ ደግሞ ከሠራተኛው የነጠቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ዞሮ ገበሬውን ምስክር ይጠራል!

በሐምሌና በነሐሴ የእኛ አገር ዶፍ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው። ረፋዱ ብራ ሆኖ ይቆይና ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ይቆለላል። ሠራተኛው ያንን በመስኮት እያየ ቁጭ ይላል። 11:30 ሲሆን ዶፉ መሐል ይለቀቃል። ባጃጅ የለም፤ የተገኘውም እጥፍ ይጠይቃል። ቦዩ ገንፍሎ አስፋልቱና ጉድጓዱ አይለይም። የአንዷ ልጅ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሞ ይጠብቃል።

ሕጉንም ያንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ወደ ቤት ሲሄዱ የሚደርስ ጉዳት ግን በሥራ ላይ እንደደረሰ የሚቆጠረው ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ውስጥ ሲሆን ነው። ይህ ድርጅት ሰርቪስ የለውም። በእግሩ የሚሄደውን ሠራተኛ ጎርፍ ቢወስደው ኪሳራው የቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ታዲያ የመውጫውን ሰዓት ድርጅቱ ብቻውን የሚወስነው በምን አግባብ ነው?

ጭጋግ ባየ ቁጥር ቦርሳውን የሚያነሳ ሰው አለ፤ አልክድም። እሱን ጠርታችሁ አናግሩት። ለአንድ ሰነፍ ብላችሁ መቶውን አትቅጡ።

ፈቃዱን ለክፍል ኃላፊዎች ስጡ። ደመናው ሲከብድ፣ ሩቅ የሚሄደው ቀድሞ ይውጣ፤ የቀረውን ሥራ ነገ ያካክሳል። ነጎድጓዱ ከጀመረ ደግሞ 11:30 ቢያልፍም ማንንም አታስወጡ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላ ሰው ከጣሪያ ሥር ይቆይ። ማስታወቂያው ነገ ጠዋት ይነሳ። እስካሁን የተቆረጠበት ካለም ገንዘቡ ከዚህ ወር ደመወዙ ጋር ይመለስለት።