ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በላይ ለሆኑ ሕፃናትና መናፍስት

የሙታን መንፈስ እያሳደዱ ለዩቲዩብ የሚቀርፁ፣ መንፈስ አዳኝ የሚባሉ ሰዎች አሉ። እንጀራቸው ነው። ማታ ማታ ወና ቤት ይገባሉ፣ ካሜራ ይደቅናሉ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ። የሰፈራችን ወጣት ሌሊት ዳታ የሚጨርሰው ከእግር ኳስ ቀጥሎ በነሱ ይመስለኛል።

መሣሪያቸውን ስታዩ ግን ሳቃችሁ ይመጣል። የድመት መጫወቻ ነው። አዎ፣ የድመት። ስትነካ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ኳስ። ደረጃ ላይ ያስቀምጧትና «እዚህ ካለህ ንካት» ይላሉ። አጠገቧ ድብ አሻንጉሊት ይቀመጣል። ሆዱ ውስጥ የሙቀትና የኤሌክትሮማግኔት መለኪያ አለው፤ ለውጥ ሲሰማው ይለፈልፋል። ሕፃን ሆኖ የሞተ መንፈስ አሻንጉሊት ሲያይ ብቅ ይላል ነው ነገሩ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2010 ሰው ሳሎኑ ውስጥ እየዘለለ እንዲጫወትበት ያወጣው ኪኔክት የሚባል ካሜራም እዚሁ ሥራ ተቀጥሯል። የተሠራው የሰው ቅርፅ እንዲፈልግ ስለሆነ አንዳንዴ ወንበሩንም መጋረጃውንም እጅና እግር ያወጣለታል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። መንፈስ ፊደል እየጠቆመ ያወራበታል ተብሎ አሁን ሰው የሚፈራው የዊጃ ሰሌዳ እንኳ በፈረንጆቹ 1891 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ሲወጣለት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «መጫወቻ ወይም ጨዋታ» ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት በ1848 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፎክስ የተባሉ እህትማማቾች «መንፈስ እያንኳኳ ያነጋግረናል» ብለው አገር አመሱ። በ1888 አንዷ ስታወጣው፣ ጉዱ የተጀመረው ፖም በክር አስሮ ወለሉን በመደብደብ ነበር። በኋላ ወደ እግር ጣት ማንቋቋት አደጉ። 40 ዓመት ሙሉ ስንት የተማረ ሰው የተከራከረው በፖምና በእግር ጣት ነው። ጅማ ቢሆን በአቮካዶ ነበር፤ ወደሱ እመጣለሁ።

እኛ ጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ ተከራይ የማይበረክትበት ቤት አለ። ሌሊት ጣራው ላይ የሚራመድ አለ ይባላል። ማን? እሱ እንደ አውሪው ነው። አንዱ ጂኒ ይለዋል፣ ሌላው ሰይጣን፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ደግሞ «ኔጌቲቭ ኢነርጂ»። አንድ የሰፈር ልጅ ይህን ሊያጣራ ተነሳ። ኳሷን ከመርካቶ ገዛ፤ የኛን መርካቶ ማለቴ ነው፣ የጅማውን። የሕፃናት ናት። ስትነጥር ቀይና ሰማያዊ ታበራለች። ካርቶኗ ላይ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በላይ ለሆኑ ይላል። ሙታንን አይከለክልም።

ችግሩ የመጣው ሌላ ቦታ ነው። ፈረንጁ ይህን ሥራ የሚሠራው ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ይዘጋለታል፣ መንፈሱም ይጠብቀዋል፣ ሁለቱ ይፋጠጣሉ። ጅማ ውስጥ ይህ የሚሆን ነገር ነው? ወሬው ከምሽቱ በፊት ሰፈሩን አዳረሰ። «ልጁን ለጂኒ ጥለን እንተኛ እንዴ?» ያሉ እናቶች ጀበናና ከሰል ይዘው መጡ። ቆሎ መጣ። ዕጣን መጣ። ሀጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወንበር ሳቡ። ሕፃናቱን የጠራቸው የለም፣ እነሱ መጠራት አያስፈልጋቸውም። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ከማይለቅህ ሰፈር ሞተህ እንኳ አታመልጥም።

ልጁ ኳሷን ወለሉ ላይ አስቀምጦ መብራት አጠፋ። ገና ሳይጠይቅ በራች። ጠየቀ፣ በራች። ደግሞ ጠየቀ፣ እንደ ዲስኮ ቤት ተብለጨለጨች። «ምላሽ እየሰጠ ነው!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አሉ ከጓዳ በር አንዲት እናት። «ቡናው ገና አልደቀቀም።»

ሙቀጫው ነበር። እንዲህ ዓይነት ኳስ ውስጥ ቀጭን ሞላ አለች። ስትነቀነቅ ከሽቦ ጋር ትነካካለች፣ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፣ መብራቱ ይበራል። ማን ነቀነቀኝ ብላ አትጠይቅም። ሙቀጫ ቢሆን፣ በር ላይ ያለፈ ባጃጅ ቢሆን፣ ቡና የጫነ አይሱዙ ቢሆን ለሷ ሁሉም አንድ ነው።

ቡናው እስኪደቅ ተጠበቀና ልጁ በእንግሊዝኛ ጥያቄውን ቀጠለ። ዩቲዩብ ላይ እንደዚያ ነዋ የሚሉት። ሀጂ አላስቻላቸውም። «አንተ ልጅ፣ የጅማ ሰው ከሆነ በኦሮምኛ ጠይቀው። በጣሊያን ጊዜ የሞተ ከሆነም እንግሊዝኛ ከየት ያመጣል?» እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ በአማርኛም ይሞከር አለ። ኳሷ ተረሳች።

በዚህ መሃል የሰፈሩ መብራት ሄደ። ቪዲዮው ላይ ቢሆን ሁሉም የሚጮኸው ይሄኔ ነው። እኛ ጋ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠየቀ፦ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የሰፈሩ መሆኑ ሲታወቅ ቡናው ቀጠለ። መብራት በማጥፋት የጅማን ሰው አስፈራራለሁ የሚል መንፈስ ልፋቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ጣራው ላይ ድው አለ። ወዲያው ተንከባለለ፤ ልክ እንደተባለው፣ እንደ እርምጃ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሕፃናቱ ግን ተሽቀዳድመው ወጡና ሁለት አቮካዶ ይዘው ተመለሱ። ዛፉ የጎረቤት ነው፣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮው ላይ ዘንበል ብሏል። ቀን በፀሐይ የተለጠጠ ቆርቆሮም ማታ ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። ሁለቱ ተባብረው ስንት ተከራይ አባረሩ።

ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1998 ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ያያል። መንስኤው ነው ያለው አንድ ቬንትሌተር የሚያወጣውን ጆሮ የማይሰማው፣ 19 ኸርዝ ገደማ የሆነ (በሰከንድ 19 ጊዜ የሚርገበገብ) ንዝረት ነው። ሰውየው ግን ያንን ለማወቅ ብቻውን መሆን ነበረበት። እኛ ቤት ብርድ ብርድ ቢለው ጋቢ አልብሰው ወባ ነው ይሉት ነበር።

የምርመራው ውጤት? ኳሷን አንድ ሕፃን ወሰዳት፣ ሲቀሙት አለቀሰ፣ «ተዉለት፣ ለጂኒው ሌላ ይገዛለታል» ተባለ። ያተረፈው ደላላው ነው። አሁን ቤቱን የሚያሳየው «የተመረመረ ቤት» እያለ ነው። ኪራዩም በዚያው ልክ ጨምሯል። ባለፈው አንዲት ሴት ልታይ መጣች። ደላላው የኳሷን ታሪክ፣ የሀጂን መቁጠሪያ፣ የዕጣኑን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝሮ አንድም መንፈስ እንደሌለ ማለላት። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችው።

«እሱስ ቢኖርም እንስማማለን» አለች። «ቆጣሪው የግል ነው?»

ደላላው ስልክ የተደወለለት መሰለ።