ቮርቴክስ ወይስ ሞድ ኦርጋናይዘር? የስካይሪም ጀማሪ በየትኛው ይጀምር

ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ጀምሮ ሰዎች ሞድ፣ ማለትም ጌሙን የሚቀይር ወይም የሚያሻሽል ተጨማሪ ፋይል፣ ሲሠሩለት የኖረ ጌም ነው። ሞዱ አንድ ሁለት ሲሆን በእጅ ገልብጦ ማስገባት ይቻላል። መቶ ሲደርስ ግን ሥርዓት የሚያስይዝ ሶፍትዌር የግድ ይላል። በብዛት የሚነሱት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ። አንዱ የኔክሰስ ሞድስ፣ ሞድ የሚወርድበት ድረ ገጽ፣ ቮርቴክስ ነው። ሌላው በፈቃደኞች የሚሠራው ሞድ ኦርጋናይዘር 2። ለሁለት ተጫዋቾች የቀረበው ጥያቄ "ጀማሪ በየትኛው ይጀምር?" የሚል ነበር። እሷ ለቮርቴክስ፣ እሱ ለሞድ ኦርጋናይዘር ተሟግተዋል። የጻፉት እንዳለ ቀርቧል።

ለቮርቴክስ

አላስረዝመውም። ጀማሪ የሚፈልገው መጫወት ነው። ኔክሰስ ላይ ሞድ ያያል፣ ማውረጃውን ይነካል፣ ቮርቴክስ ተቀብሎ ይጭንለታል፣ አለቀ። የፕለጊኖቹን፣ ጌሙ በተራ የሚያነባቸውን የሞድ ፋይሎች፣ ቅደም ተከተል ሉት የሚባለው መሣሪያ ይደረድርለታል፤ እሱም እዚያው ውስጥ ተገጥሟል። ሁለት ሞዶች አንድ ፋይል ላይ ከተጋጩ የመብረቅ ምልክት ይወጣል። የትኛው እንዲያሸንፍ ትመርጣለህ፣ ያስታውስልሃል። ስካይሪም ሲሰለችህ ስታርዲው ቫሊም፣ ዊቸር 3ም፣ ሳይበርፐንክም ከዚያው ላይ ይስተናገዳሉ።

ከወዲያ ወገን የሚመጣውን አውቀዋለሁ። "ነገሩን ከሥሩ ያልተረዳ ሞድ አይጫን" ሊባል ነው። እኔ የማስበው ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት አግኝቶ ድራጎን መግደል ስለሚፈልግ ሰው ነው።

ለሞድ ኦርጋናይዘር

እህቴ "ይጭንለታል፣ አለቀ" ብላለች። የት ነው የሚጭንለት? እሷን ዘለለቻት።

ቮርቴክስ የሞዶቹን ፋይሎች በሃርድ ሊንክ የጌሙ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋቸዋል። ሃርድ ሊንክ ማለት አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ሲመዘገብ ነው። ተጨማሪ ቦታ አይበላም፣ እሰየው። ግን ከድራይቭ ድራይቭ አይሻገርም። ጌሙ ሲ ላይ፣ የሞዶቹ ማከማቻ ዲ ላይ ከሆነ ሃርድ ሊንክ የለም። ደግሞ ጌሙ ፎልደር ገብተህ አንዱን ፋይል ብትነካካ ማከማቻው ውስጥ ያለውንም አብረህ ቀየርከው፤ ፋይሉ ያው አንዱ ነዋ። ፋይሉን በሌላ ከተካኸው ወይም ካጠፋኸው ደግሞ ቮርቴክስ ከውጭ የመጣ ለውጥ አገኘሁ፣ ልመልሰው ወይስ ልያዘው ብሎ ይጠይቃል። ያ የቅዳሜው ተጫዋች ምን ብሎ ይመልስ?

ሞድ ኦርጋናይዘር ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እያንዳንዱ ሞድ የራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ጌሙን ከሞድ ኦርጋናይዘር ስታስነሳው ሞዶቹ ሁሉ ዳታ በሚባለው የጌሙ ፎልደር ውስጥ ያሉ ይመስለዋል። ጌሙን ስትዘጋው ሁሉም የሉም። የጌምህን ፎልደር አንድም ፋይል አይነካውም። ግጭት ሲኖር ሞዱን ዝርዝሩ ላይ ወደ ታች መጎተት ነው፤ ከታች ያለው ያሸንፋል። ያልወደድከውን ምልክቱን ታነሳለታለህ። አንድ ላፕቶፕ የሚጋሩ ወንድማማቾች ደግሞ ለየራሳቸው ፕሮፋይል ያወጣሉ፤ ሞዱም ሴቩም (የተቀመጠው ጨዋታ) ሳይደባለቅ።

ለቮርቴክስ

"አንድም ፋይል አይነካውም።" እዚህ ጋ እንቁም።

ኤስኬኤስኢን የት ነው የምታስቀምጠው? ለማያውቅ አንባቢ፦ ስካይሪም ብቻውን የማይችላቸውን ነገሮች እንዲሠራ የሚያደርግ ማስፋፊያ ነው። ከትልልቆቹ ሞዶች ብዙዎቹ ያለሱ አይሠሩም። ማስነሻው የሚገባው ዳታ ፎልደር ውስጥ አይደለም። ከሱ በላይ፣ የጌሙ ዋና ፎልደር ውስጥ ነው። ሞድ ኦርጋናይዘር ደግሞ በተፈጥሮው የሚያስተዳድረው ዳታን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ፎልደሩን ከፍቶ በእጁ ይገለብጣል። ግራፊክስ የሚያሳምረው ኢኤንቢም እንደዚሁ። ቮርቴክስ ግን ኤስኬኤስኢን ራሱ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል።

ሌላም ልጨምር። ያ ጀማሪ ሲያወርድ አምሽቶ፣ እንደለመደው ጌሙን የገዛበት ስቲም ላይ ገብቶ ያስነሳዋል። አንድ ሞድ የለም! ከሞድ ኦርጋናይዘር ካልተነሳ አይታዩማ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለሞድ ኦርጋናይዘር

ተረት ተተረተብኝ። ይሁን።

እህቴ፣ ያንቺም ጀማሪ ከስቲም በቀጥታ ቢያስነሳው ያ ያወራሽለት ኤስኬኤስኢ አብሮ አይነሳም። ሞዶቹ ገብተው ይቀመጣሉ እንጂ ግማሾቹ አይሠሩም። ከሰማይ ያለች ላምና ቤት ገብታ የማትታለብ ላም፣ የቷ ትሻላለች?

ስለ ኤስኬኤስኢ ደግሞ፣ ሁለት ፋይል መገልበጥ ነው። በሺህ የሚቆጠር የሞድ ፋይል መዘርገፍና ሁለት ፋይል ማስቀመጥ አንድ ነው? በእጅ መገልበጥ ለከበደው ሩት ቢልደር የሚባል ተጨማሪ አለ። ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

ለቮርቴክስ

አንመለስም። "አንድም" ነበር፣ አሁን "ሁለት" ሆነ። ኢኤንቢ ሲጨመር ስንት ሊሆን ነው? ሩት ቢልደር ምን እንደሚያደርግስ ለምን አልነገርከንም? በአንደኛው አሠራሩ ፋይሎቹን ወደ ጌሙ ፎልደር ያስገባና ጌሙ ሲዘጋ ያወጣል። እኔ ላይ ስድብ የነበረው መዘርገፍ እናንተ ጋ ሲደርስ ተጨማሪ መሣሪያ ተባለ።

"እህቴ እህቴ" ማለቱን ቀንሰህ መልሱን ብትጨምርበት ደስ ይለኛል።

አንድ ሌላ ነገር። ቮርቴክስን የሠራው ማን ነው? ታኒን በሚል ስም የሚታወቀው፣ ሞድ ኦርጋናይዘርን ራሱን የፈጠረው ሰው ነው። ኔክሰስ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀጠረው፣ ቮርቴክስም በ2018 ለሕዝብ ወጣ። የእናንተን ቤት የሠራው ሰው ሁለተኛ ሲሠራ በሌላ መንገድ ሠራ። ለምን ይመስልሃል?

ለሞድ ኦርጋናይዘር

ለደመወዝ። ምን ይመስልዎታል?

አዎ፣ "እርስዎ" ብያለሁ። እህትነቱ ካስከፋ ይቅር። ከታኒን በኋላ ሞድ ኦርጋናይዘርን ተቀብለው የቀጠሉት ሰዎች ግን ደመወዝ የላቸውም። የሚሸጡትም ነገር የለም። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። ቮርቴክስ የኔክሰስ በር ነው። ኔክሰስ ደግሞ ፕሪሚየም የሚባል የሚከፈልበት አባልነት ይሸጣል። ኮሌክሽን የሚባለውን የሞድ ጥቅል በአንድ ንኪ የሚያወርደው የከፈለ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ልጅ ሞዶቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ በተገደበ ፍጥነት ያወርዳል። በ2021 የሆነውንም አንርሳ። ለዚህ ኮሌክሽን ሲባል የሞድ ሠሪዎች ፋይሎቻቸውን ከእንግዲህ እስከወዲያኛው መሰረዝ አይችሉም ተባለ። የአንድ ወር ያህል የመውጫ ጊዜ ተሰጣቸው። ሥራቸውን አንስተው የሄዱም አሉ። እርስዎ ለጀማሪ ያዘጋጁለት ቤት ይሄ ነው።

ለቮርቴክስ

ጥያቄው ጀማሪ በየትኛው ይጀምር የሚል ነበር። አሁን ስለ ኔክሰስ ንግድ እየተከራከርን ነው። ጥሩ፣ እንከራከር።

የቮርቴክስም ኮድ ክፍት ነው፤ እንደ እናንተው። ሞድ ኦርጋናይዘር ተጠቃሚ ሞዱን የሚያወርደው ከየት ነው? አብዛኛውን ከኔክሰስ። በዚያው ነፃ አካውንት፣ በዚያው በተገደበ ፍጥነት። ያ አዲስ አበባ ያለው ልጅ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢገባ ያው ነው የሚጠብቀው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዋባጃክ ነገር ነው። ሙድ እየያዝክብን ካልሆነ በቀር እንዴት ረሳኸው? ዋባጃክ የሌላ ሰው የሠራውን ሙሉ የሞድ ዝርዝር፣ አንዳንዴ ከሺህ በላይ ሞድ፣ እንዳለ አምጥቶ የሚጭን ፕሮግራም ነው። ተጭኖ ሲያልቅ የምታገኘው ምንድነው? የተዘጋጀ ሞድ ኦርጋናይዘር። ሳይነካ እንዲያወርድልህስ ምን ያስፈልጋል? የኔክሰስ ፕሪሚየም! የእኔ ጥቅል ንግድ፣ የናንተ ጥቅል ጥበብ ሆነ።

ለሞድ ኦርጋናይዘር

ዋባጃክን ለጀማሪ አልመከርኩም። የትኛው መስመር ላይ መከርኩ?

እንዲያውም አቋሜን ላጥራ። ጀማሪ ኮሌክሽንም ዋባጃክም አይንካ። የተዘጋጀ ጥቅል የጫነ ሰው የሆነ ከተማ ሲገባ ጌሙ ጥርግ ብሎ ሲዘጋበት የማን ጥፋት እንደሆነ አያውቅም። ስምንት መቶ ሞድ ውስጥ የቱን ይጠይቅ? አሥር ሞድ ይጫን። አንዱን ሲጭን ጌሙን አስነስቶ ይየው። ሁለት የቆዳ ሞዶች ሲጋጩ የቱ ከታች እንዳለ በዓይኑ ያያል፤ ይጎትታል፣ ለውጡን ያያል። ቮርቴክስ ላይ ያ ነገር በየሞዱ በሚሰጥ ደንብ ተደብቋል። ይሄ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ ያ ከዚህ በኋላ ይምጣ እያልክ ትሄድና አንድ ቀን ደንቦቹ ዞረው ይተሳሰራሉ። ክብ ሠርተሃል ይልሃል። እስኪ ፍታው!

ሉትም የሚደረድረው ፕለጊኖችን ነው። የሥዕል ፋይል ከሥዕል ፋይል ሲጋጭ አያገባውም። ይሄን እርስዎ ጠቅልለው "ይደረድርለታል" ብለው አለፉት።

ለቮርቴክስ

አላለፍኩትም። የመብረቁን ምልክት የጠቀስኩት ለዚያ ነው። ተመልሰህ አንብበው።

ክብ ደንብ ያጋጥማል። ቮርቴክስ የትኞቹ እንደተሳሰሩ ያሳይሃል፣ አንዱን ታነሳለህ። ስለ አሥሩ ሞድ ግን እስማማለሁ፤ ያ ምክር ለየትኛውም ሶፍትዌር ይሠራል። ጌም አጋምሶ ስክሪፕት (ጌሙ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ኮድ) ያለውን ሞድ የሚያነሳ ሰውን አንተም አታድነውም። ስክሪፕቱ ሴቩ ውስጥ ቅሪቱን ትቶ ይሄዳል። በኖቬምበር 2021 የመጣው የስካይሪም ዝማኔም ኤስኬኤስኢ ላይ የቆሙትን ሞዶች ሲያቆማቸው የናንተም የኛም ሰዎች እኩል ነው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት።

ስለዚህ ልጁ አሥር ሞድ ይዞ ይጀምራል። ይሁን። ከአሥሩ ሦስቱ ኤስኬኤስኢ ይፈልጋሉ እንበል። አሁንም አልመለስክልኝም፤ ማን ይገለብጥለታል?

ለሞድ ኦርጋናይዘር

እኔ እገለብጥለታለሁ። ይደውልልኝ።